ስፒከሮቹን ሳዘዋውር

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ያን ሳምንት ግን ባሰብኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ከጊኒር ልትመጣ ነበር። እሷ ጊኒር ነርስ፣ እኔ ሮቤ መምህር። ከተጋባን ዓመት ሊሞላን ቢሆንም አብረን የከረምነው በእረፍት ቀናት ብቻ ነው። በስልክ፣ "ቤቱን ልየውና የዝውውር ማመልከቻዬን አስገባለሁ" አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ተሰቀለ። ልትጠይቀኝ ሳይሆን ልትወስን ነው የምትመጣው።

ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ያስቀባል፣ መጋረጃ ይቀይራል። እኔ ስፒከር ማዘዋወር ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭኜ ያመጣኋቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉኝ፤ እሷም እንደኔ ዘፈን ትወዳለች። በሩን አልፋ ስትገባ እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰማች ሻንጣዋን አታነሳም ብዬ አሰብኩ። ወይ ሞኝነት!

እስከዚያ ድረስ ስፒከሮቹ የነበሩት ሁሉም ሰው በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ቡፌው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ጎን ለጎን፣ ዳንቴል ለብሰው። ዳንቴሉን የሠሩልኝ አከራዬ ናቸው። እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው እኔም "አዴ" እላቸዋለሁ። ዳንቴሉን ስገፍ በመስኮት አዩኝና፣

"ልጄ፣ ራቁታቸውን ልታቆማቸው ነው?" አሉኝ።

"ድምፁን ያፍነዋል አዴ።"

"ታዲያ ቢታፈን ምን አለበት? እኔም እኮ እተኛለሁ!"

ነገሩ ስሌት አለው። ሁለቱን ስፒከሮችና የሚያዳምጠውን ሰው በእኩል ርቀት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እኩል ከሆነ የዘፋኙ ድምፅ ከግራም ከቀኝም አይመጣም፤ ባዶው መሃል ላይ ሰው የቆመ ይመስል ከዚያ ይወጣል። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ብሎኬት ላይ አቆምኳቸው። ከወንበሬ እስከ እያንዳንዳቸው ሲባጎ ወጥሬ ለካሁ። እኩል ነው። ከፈትኩት። ክራርና የሴት ድምፅ ብቻ ያለበት ዘፈን ነው። ሴትዮዋ ወደ ግራ ተንጋደደች።

አቦ! አንድ ስንዝር ሳብኩ፣ መለስኩ፣ አዞርኩ። ግራ በኩል ያለው ቡፌ ድምፁን እያነጠረው መሰለኝና ቡፌውን ወደ አዴ በረንዳ አወጣሁት። ትንሽ ተሻለው። ሁለተኛው ወንበርም በድምፁ ይንቀጠቀጣል አልኩና አወጣሁት። አልጋውን ከስፒከሮቹ ጀርባ ጥግ ውስጥ ወሸቅኩት። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ አሁንም ማዕዘን ለማዕዘን ያጓራል፤ የሚውጠው ነገር ይፈልጋል። በአዴ ጎተራ ውስጥ የዘንድሮ ስንዴ በማዳበሪያ ተደርድሯል። ሁለት ጆንያ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

"ለምንህ?"

"ጥግ ላቆማቸው ነው። ጉርምርምታውን ይውጡልኛል።"

"ያ ረቢ! ስንዴዬን ዘፈን ልታሰማው?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ግን አልከለከሉኝም።

ዓርብ ዕለት፣ ሊሆንልኝ ጥቂት ሲቀረኝ መብራት ሄደ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በመጨረሻ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ ደርሼ በዚያው ተመለስኩ። ስገባ መብራቱ መጥቷል። ቀኙን ስፒከር በሁለት ጣት ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያቺ ሴትዮ መሃል ላይ ቆመች! ግጥሙን ከመጀመሯ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ ሳይቀር ሰማሁት። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ከባጃጅ ስትወርድ ቦርሳዋን ከእጇ ነጥቄ እሷን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳትና ዘፈኑን ከፈትኩት። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ፊቷን እጠብቃለሁ።

"እንዴት ነው?"

"በጣም ያምራል" አለች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ብላ፣ "ና እንጂ አጠገቤ" አለችኝ።

"አይ፣ አይ፣ ከመሃል እንዳትነቃነቂ! ይበላሻል።"

ወደ መሃል ተመለሰች። ዘፈኑ ሲያልቅ ተነስታ፣ "በል አንተም ስማ" ብላ አልጋው ላይ፣ ከስፒከሮቹ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። እዚያ ከጉርምርምታ በቀር ምንም እንደማይሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ሌላ ዘፈን ከፈትኩ፤ ቀጥሎ እሷን አስቀመጥኳት፤ እኔ በሩ ጋ። እንዲህ ስንፈራረቅ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ወሬ ልትጀምር ስትል፣ "ቆይ፣ እዚህ ጋ ክራሩን ስሚው" እያልኩ አስቆማታለሁ። ዝም ስትል ደስ ብሏት ነው አልኩ። እሑድ አውቶቡስ ላይ ስሸኛት፣ "ቤቱ እንዴት ነው?" አልኳት። "ጥሩ ነው" አለችኝ። እኔም በደስታ ሰክሬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ከሳምንታት በኋላ ደወለች። ዝውውሩ ተፈቅዷል፤ ጎባ ተመድባለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። "መቼ ልምጣና ዕቃሽን ላጓጉዝ?" አልኳት።

"ዕቃዬን ለሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ጎባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ።"

"እንዴ! ከዚህ ጎባ እኮ ቅርብ ነው፤ ከዚህ ሆነሽ ትመላለሻለሽ። ምን ሆነሽ ነው?"

እንድጨርስ አልጠበቀችኝም።

"ያን ቅዳሜ የማወራህ ነገር ነበረኝ" አለች። "ስለ ዝውውሩ ብቻ አልነበረም። መፍራቴን ልነግርህ ነበር፤ ሰው ሳላውቅ፣ አገሩን ሳልለምድ፣ አንተም ገና እንግዳ ሆነህብኝ ዕቃዬን ይዤ መምጣቱ አስፈርቶኝ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አላስወራኸኝም።"

ስትደውል ወንበሬ ላይ ሆኜ ዘፈን እየሰማሁ ነበር። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፁን እንኳ አልቀነስኩትም።