የጉደታን ገመድ ማን ይያዝ

ከአምቦ የወጣሁበት ዕለት አመሻሹ ላይ ኦቦ ጉደታ ሊሰናበተኝ መጣ። ብቻውን ቢመጣ ምን ነበረበት፤ ፈይሳን አስከትሎ መጣ። ፈይሳ ከሸነን የመጣ፣ ዛፍ የሚያውቅ፣ አፉም የሚጣፍጥ ጎልማሳ ነው። ሻንጣዬ እንኳ ሳይዘጋ ጉደታ፣ «ከነገ ጀምሮ ገመዴን የሚይዝልኝ እሱ ነው» አለኝ። «እግዚአብሔር ያበርታው» አልኩ በአፌ። በሆዴ ያልኩትን አልጽፈውም፣ ይህን ልጆችም ያነቡታል።

ይሄ ምኑ ያናድዳል ትሉ ይሆናል፣ አገር ቤት ያላችሁም እንደኔ የተሰደዳችሁም። እኔና ጉደታ ሠላሳ ዓመት አንድ ላይ ዛፍ ቆርጠናል። ሜዳ ላይ የቆመውን ማንም ይጥለዋል፤ እኛ የምንጠራው ጣሪያ ላይ ለተንጋደደው፣ መብራት ሽቦ ላይ ለተኛው ነው። አንዱ ይወጣል፣ ቅርንጫፉን ከበላዩ ባለው ባላ ባሳለፈው ገመድ አስሮ ይቆርጣል፤ ታች ያለው ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ይይዛል። ድሮ እየተፈራረቅን እንወጣ ነበር፤ ኋላ ጉልበቴ ሲከዳኝ እኔ ታች ቀረሁ። በእኛ ዘንድ ገመድ አመለጠው ከመባል መሞት ይሻላል። እኔ አንድም ቀን አላመለጠኝም። ቆዳዬ ተገፎ ይዣለሁ።

የወሰደችኝ ልጄ ጫልቱ ናት፤ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን የሚባል ከተማ። መንገዱን አላወራም፤ ቁጭ ብሎ እግር ማሳበጥ ነው። ስደርስ መጀመሪያ የሸተተኝ ምን መሰላችሁ? ባሕር ዛፍ! ለካ አገሩ እዚህ ነው፤ ለካ አምቦ ላይ ስደተኛው እሱ ነበር። እኛ ጋ ማገዶ፣ እዚህ ጌታ፤ ካውንስል የሚሉት ቀበሌያቸው ካልፈቀደ አይነካም። እሱ አገሩ ገባ፣ እኔ ከአገሬ ወጣሁ ብዬ በዛፍ ቀናሁ። ቀሪው እንኳ ይለመዳል። የገና በዓል በሐሩር ይመጣል። ውሃቸው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የአምቦ ውሃ ግን አስገስቶ ነበር የሚያሳርፈኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከተከራየንበት ቤት ጓሮ የደረቀ ቅርንጫፍ አየሁና ጉልበቴን ረስቼ ወጣሁ። አከራዩ ከች አለ። ጫልቱ መሐል ቆማ ታስተረጉማለች።

«ፈቃድ አለህ ወይ ይላል።»

«ዛፉ ፈቅዶልኛል በይው።»

«አባዬ፣ እንዲህ አልልም! ኢንሹራንስስ አለህ ወይ ይላል።»

«ጉደታ ነበረ፣ አገር ቤት ቀረ በይው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። አወጣጤን አየና ልምድ ላላቸው ዛፍ ቆራጮች ስልጠና እንዳለ ነገረን፤ ዛፉን ከነቁመቱ ሳይጥሉ፣ ከአናቱ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ በገመድና ፑሊ በሚሉት መዘውር እያወረዱ ማፍረስ። ሪጊንግ ይሉታል። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ሊያስተምሩኝ?» ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። ከዚያ ጫልቱን አስተርጓሚ ይዤ ሄድኩ።

አሰልጣኟ ሜጋን ትባላለች፣ የጫልቱ እኩያ ናት። ሄልሜት አጥልቃልኝ ገመድ ላይ መደበችኝ። ላይ ያለው ሰው ትልቁን ቁራጭ ቆረጠ። እኔም እንደለመድኩት ጥርሴን ነክሼ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተናወጠ፤ ሰውየው በደረቱ ከግንዱ ጋር ተላተመ። ሜጋን ሥራውን አስቆመች።

«ለምን አልለቀቅክለትም?»

«እኔ የምለቅ ሰው አይደለሁም።»

«አንተ ቀጥ ስታደርገው ክብደቱ የት የሚሄድ ይመስልሃል?» አለችና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ገመዱን ግንዱ ላይ ጠምጥመው፣ እጅህ ላይ ግን በጭራሽ። ቁራጩ ሲወርድ ለቀቅ አድርገው፣ ይሩጥ፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ያዘው።»

ጉደታ ከዛፍ በወረደ ቁጥር ደረቱን ያሻሽ ነበር። ምነው ስለው «ብርድ ነው» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ብርዱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ደውዬ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። እውነቱን ልናገር፤ ብነግረው የሚጠቀመው ፈይሳ ነው። ከኔ የተሻለ ገመድ ያዥ ላደርገው ነው? ሁለት ወር አፌን ዘጋሁ። አንድ ቀን ጉደታ ደወለና፣ «ሰኞ ጠዋት ጊንጪ አንድ ትልቅ ዝግባ እናወርዳለን፣ ቤት ላይ የተንጋደደ» አለኝ። «አትስጋ፣ ፈይሳ ልክ እንዳንተ ነው። ገመድ ይዞ ንቅንቅ አይልም።»

ልክ እንዳንተ! አንጀቴ አረረ፤ ወዲያውም ፈራሁ። የዝግባ ግንድ ሲናወጥ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ እነሱ ጋ ጠዋት እኔ ጋ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ደወልኩ። ያነሳው ፈይሳ ነው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ድሪባ! ኦቦ ጉደታ እኮ ላይ ናቸው፤ ስልካቸውን ለኔ ሰጥተው ነው የወጡት።»

ድሮ ለኔ ነበር የሚሰጠው።

«ገመዱን ክንድህ ላይ ጠምጥመሃል?»

«አዎ፣ እርስዎ እንደሚያደርጉት።»

«ፍታው።»

«ኧረ ኦቦ!»

«ፍታው አልኩህ! ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፤ ቁራጩ ሲመጣ ይሩጥ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ያዝ።»

«ሰው ገመድ አመለጠው ይለኛል እኮ።»

«ይበልህ! ጉደታ ከሚሞት ይበልህ!»

ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። መጋዙ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ገመዱ ግንዱ ላይ ሽው እያለ ሲሮጥ፣ ሲያዘግም፣ ሲቆም ሰማሁ። ከላይ የጉደታ ድምፅ መጣ፤

«ፈይሳ! ያንተ እጅ የተባረከ ነው! ግንዱ ንቅንቅ አላለም እኮ! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተይዞልኝ አያውቅም!»

ፈይሳ ስልኩን አወጣ። «ሰሙ? እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ ብዬ ልንገራቸው?»

ይንገረው ብዬ ተመኘሁ። ከነገረው ግን ደረቱን ከግንድ ጋር ሳላትመው የኖርኩት እኔ መሆኔን ጉደታ ያውቃል።

«ስንት ቁራጭ ይቀራል?» አልኩት።

«ሰባት ስምንት።»

«እንግዲያው ስልኩን አትዝጋው።»

ፈይሳም አልዘጋውም። ጉደታ በያንዳንዱ ቁራጭ ፈይሳን ሲመርቅ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።