ጎራዴው የተመለሰበት ልቦለድ

በማተሚያ ቤቱ የሚናፈሰው ወሬ እንዲህ የሚል ነው፤ አራሚዋ የጥንት ዘመን የፍቅር ልቦለድ ጽፋለች፤ ደም የተቃቡት ሁለቱ ጀግኖች እሷና ጠራዡ ናቸው፤ ጠላትነቱም ወደ ፍቅር ስለዞረ በቅርቡ ይጋባሉ።

እንጃ! በር ሲገጫት በሩን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ጠላት ከየት ታመጣለች? ልቦለዱም ቢሆን ወሬውን አያግዝም። ገጽ ሦስት ላይ ጎራዴ ይመዘዛል፤ ደራሲዋ ግን ስትጽፈው ፍርሃት አርበድብዷት ገጽ አራት ላይ ወደ ሰገባው መልሳዋለች። በቀሩት ሦስት መቶ ገጾች ባላንጣዎቹ "ጉንፋኑ ተሻለሽ?" "ያንተስ?" ሲባባሉ ይከርማሉ።

ጠራዡ ሲያስነጥስ እንኳ የመስኮት መስታወት የሚያረግፍ ሰው ነው። ዛሬ ያልተጠረዘውን መጽሐፏን ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። እርሳሷ ከእጇ ወደቀ።

"እህት ዓለም፣ ሰው ሁሉ ሙሽራው እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ! እውነቱን እዚሁ ካልተናገርሽ አንዲት ገጽ አልሰፋም!"

"ሙሽራው፣ ጎራዴህን ሳል!" አለ አንዱ አታሚ ከወዲያ።

ማሽኖቹ ቆሙ፤ አንገቶች ሁሉ ሰገጉ። አራሚዋ ዝም ካለች ስድስት ዓመት የደከመችበት መጽሐፍ እንደተበተነ ሊቀር ነው።

"ጋሼ" አለች እርሳሷን ከወለሉ እያነሳች፤ "ጠላቴ ሆነው አያውቁም። ወድጄዎትም አላውቅም። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት መስመር የለዎትም፤ እኔም የለሁበትም። እርስዎንም አላገባም።"