ማርያምን ደብቄ ሽቦ ፍለጋ

ሰኔ ሃያ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከገነተ ማርያም በላይ ካለችው መንደራችን ወደ ላሊበላ የተነሣሁት ለእህቴ ለእታፈራሁ ቤት ብዬ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። አምና የገብስ ማሳዋን የበላው የጎርፍ ቦረቦር ዘንድሮ ጓሮዋ ደርሷል። ክረምቱ ሳይበረታ ግብርና ጽሕፈት ቤት ድንጋይ የሚታሰርበት ሽቦ ካልሰጠን ቤቷ አለቀለት። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ደጋግሞ ጽፎ መልስ አጣ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና "አንተ አፍ አለህ፣ ሂድ" ተባልኩ።

ቁልቁለቱን ወርጄ መንገዱ ላይ ስደርስ ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ የሙሉ ወንበር ሂሳብ ተቀብሎኝ ዱካ ላይ አስቀመጠኝ። ጭቃው ሁለት ጊዜ ይዞን፣ ወርደን ገፋን። ከተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል።

ላሊበላ፣ አራት ሰዓት

"ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው" ተባልኩ። እስከ ሰባት ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። የጾም ሽሮ በልቼ ስመለስ ገና በዚህ ወር ከቆላ ተዛውሮ የመጣ አቶ ሰይድ የሚባል ወጣት ተቀበለኝ። ደብዳቤያችንን ከመዝገቡ አወጣ።

"ጋሼ፣ ሽቦ አለ። የሚበቃው ግን ለአንድ ቦረቦር ነው፤ ሌላም ቀበሌ ጠይቆናል። መኪና የማገኘው ነገ ብቻ ነው። አርባ ሰው ድንጋይ ሲያቀርብ ካየሁ ለእናንተ ይሆናል፤ ካላየሁ ለእነሱ። ይቻላል?"

ነገ ሰኔ ሃያ አንድ፣ ማርያም ናት። በእኛ አገር በዚያ ቀን እንኳን ድንጋይ ሊፈነቀል እንጨትም አይፈለጥ። ልነግረው ነበር። ግን ከሱ በፊት የነበረው ባለሙያ "እናንተ በዓል ስትቆጥሩ መሬታችሁ ታጥቦ አለቀ" እያለ ሲዘልፈን መኖሩ ትዝ አለኝ። ሰነፎች ናቸው ይለናል ብዬ ፈራሁ።

"ይቻላል!" አልኩት። እግዜር ያሳያችሁ!

መንደር፣ ጀንበር ስትጠልቅ

ዳገቱን የወጣሁት እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ነው። ቄስ ምስጋናውን ከእታፈራሁ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አባ፣ ለአንድ ቀን ቢፈቅዱልን?"

"እኔ ብፈቅድ ሕዝቡ አይወጣም። ቢወጣም ክረምቱን ሙሉ በረዶ እህል በመታ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእህትህ ላይ ነው፤ 'ለሷ ቤት ሲባል ማርያምን ሽረን' ይሏታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደውልለት።"

ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ሦስታችንም ወጣን። ደወልኩ።

"አቶ ሰይድ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ነገ ማርያም ናት፤ ድንጋይ የሚያነሣ አንድ ሰው አያገኙም።"

 

"ጋሼ፣ እኔ የናንተን በዓል ከየት አውቄ? አይነግሩኝም እንዴ! ሰው የለም ማለት ነው?"

"ኧረ ሰውማ ሞልቶ! መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሆን።"

"ሜትር መያዝስ ይፈቀዳል?"

አባን ጠየቅኋቸው። "ሜትር ምን አደረገ! ይምጣ" አሉ።

"እንግዲያ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ እለካለሁ። ሽቦውን አራግፌም እሄዳለሁ። በማግስቱ ድንጋዩ ካልቀረበ ግን ያኛው ቀበሌ መጥቶ ይወስደዋል።"

"ሳይነጋ ይቀርባል!" ብላ እታፈራሁ ከጎኔ ጮኸች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወደ እኔ ዞረች። "ዋሻችሁ እያልክ ስንቱን ልጅ ያንበረከክህ ሰውዬ፣ ቤቴን በውሸት ልታስበላኝ!" እውነቷን ነው።

አቶ ሰይድ ቃሉን ጠበቀ። በሃያ ሁለት ማለዳ ደግሞ ድንጋዩን ለማቅረብ ከአርባም በላይ ሰው ወጣ። እኔ ያፈርኩበትን ነገር እሱ በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። ቢሮ ስንሄድ ደኅና መስለን ለመታየት አኗኗራችንን እንደብቃለን፤ ከዚያ በማይሆን ቀን ይቀጥሩናል፣ ከዚያ እንረግማቸዋለን።

ይህን የምጽፈው ሐምሌ ገብቶ፣ እሷው ቤት ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እታፈራሁ ምስር እየለቀመች ነው፤ ከጓሮ በሽቦ ያሰርነውን ድንጋይ የሚመታውን ጎርፍ ለማየት እንኳ አልተነሣችም።