የሚፈልገኝ እጁን ያሳየኝ

እህቴ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ይህን የምናገረው እንድታዝኑላት አይደለም፤ ካዘናችሁላት እንጣላለን። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኮት ስትቀድ ያየ ሰው ሌላ ሰፊ ጋ አይሄድም። እቤት ውስጥ የእጅ ቋንቋዋን የምናውቀው እናታችንና እኔ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ መማር ሲባል ጊዜ የለኝም ይላል። ከእሷ ጋር የሚነጋገረው በብጣሽ ወረቀት ነው፦ «ብዪ»፣ «ነይ»፣ «ዝጊው»። ከዚያ ካለፈ እኔን ይጠራኛል። የቤቱ ምላስ እኔ ነኝ፤ ታክቶኛል።

አንድ የልብስ ፋብሪካ ከድንበር ማዶ ለሦስት ወር ሥልጠና ጠራት። መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ጋሼ ደብዳቤውን አንብቦ «ብቻዋን? ማን ይሰማታል?» አለ።

እሷ ከንፈሩን አይታ «እስከ ዛሬስ ማን ሰምቶኝ ነው?» አለች በእጇ። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት።

እናታችን ከጋሼ ቃል አትወጣም፣ እህቴም ከእናታችን። ጋሼ በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ቆረጠ፦ በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካገኘናት ትሂድ፤ አንድ ቀን ከጠፋች ግን ራሱ ሄዶ ይመልሳታል። እንግዲህ ጉዞዋ በሲም ካርድ ላይ ተንጠለጠለ።

ስልክ መሸጫው ጋ እህቴ፣ ጋሼና እኔ ሄድን። ሻጩ እሷን ትቶ ለጋሼ ያስረዳ ጀመር፤ ከሁለቱ የስልክ ድርጅቶች የትልቁ መስመር ነው፣ ማዶም ይሠራል፣ አምስት መቶ ደቂቃ ነፃ ንግግር አለው። ጋሼ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ተጓዧ እሷ ናት፣ አትሰማም» አልኩት ሻጩን። «አምስት መቶ ደቂቃ ምን ታድርግበት?»

ጋሼ ግን «እኛ እንደውልላታለን» አለ። እግዜር ያሳያችሁ።

እህቴ ምንም አልገዛችም። በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ፣ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ሰፊ ወረቀት ጠቅልላ መናኸሪያ ሄደች። በዚያ መንገድ ለሚነዱ ሾፌሮች ሁሉ ጽፋ አሳየች፦ «ቪዲዮ የማይቆረጠው በየትኛው መስመር ነው? የት የት ይጠፋል?» ለማኝ መስላው ሳንቲም የሰጣት ነበር፤ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። ሦስት ቀን እንዲህ ዋለች። ከዚያ መንገዱን በጠመኔ ወረቀቱ ላይ ሣለችና ኔትወርክ በሚጠፋበት ሁሉ ስፒል ሰካችበት፤ ለትልቁ ድርጅት ቀይ፣ ለትንሹ ቢጫ። ከድንበሩ በኋላ ቀዩ ተደርድሯል። ቢጫው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፣ ሁለቱም አውቶቡሱ በጠዋት የሚያልፍባቸው።

የትንሹን ድርጅት ዳታ ብቻ ያለውን ሲም ገዛች። «በዚህኛው መደወል አይቻልም» አለ ሻጩ። እሰየው አለች።

«እንግዲያው በጽሑፍ እናገኛታለን» አለ ጋሼ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪው። ብጣሽ ወረቀት ሃያ ዓመት አነበብኩ፤ ይበቃኛል። የሚፈልገኝ እጁን ያሳየኝ።» ነገርኩት፤ ደስ እያለኝ ነው የነገርኩት፣ አልዋሽም።

ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ተቀመጠ። የጉዞ ቦርሳውን ከበሩ አጠገብ አስቀምጧል። ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን ስልኩ በራ፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ከኋላዋ የማረፊያው አልጋ ይታያል። እንደ ልማዴ ላስተረጉም ቀረብ ስል «አንቺ ውጪ» አለችኝ። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ነይ እንጂ፣ ምን እያለች ነው?» አለ ጋሼ።

«ጠይቃት» አልኩት።

ወደ እናታችን ዞረ። እናታችን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ጋሼ ሊጥ ያወፈራቸውን ጣቶቹን አየ። ቀስ ብሎ ሰበሰባቸውና ወደ አፉ ወሰዳቸው። በላሽ?

እህቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አልገባኝም፣ ድገመው። ደገመው። አሁንም ድገመው አለችው። ሦስተኛው ላይ ግንባሩን አላበው፤ እሷም ያኔ በላሁ አለችው።

እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ምልክቱ ገና በመጀመሪያው ግልጽ ነበር።