ቁመት በገመድ

ከቤቴ ፊት ለፊት ብየዳ ቤት ተከፍቷል። የግቢ በር ሲሠሩ የተቃጠለው ብረት ሽታ ጠዋት ጠዋት ገብቶ አፍንጫዬ ላይ ይቀመጣል። የልጅ ልጆቼ "አባባ፣ መስኮቱን እንዝጋልዎት?" ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ሽታው አስመራ ይወስደኛል፣ የወንድሜ ሳይክል ወደተሠራበት ቤት።

ሳይክል ስልህ ሱቅ ተደርድሮ የሚሸጠው እንዳይመስልህ። በሰው ልክ የሚሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አስመራ የፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በተውሶ ሳይክል ሰውን ሁሉ ይቀድማል። ለአባታችን ተዝካር ሰቆጣ መጥቶ ሳለ በነጋዴ አፍ ከፋብሪካው መልእክት ደረሰው። ከመስቀል በኋላ ለፋብሪካው በሳይክል ይወዳደራል፣ ሥራውም ቋሚ ይሆናል፤ ግን የራሱን ሳይክል ይዞ ከቀረበ ነው። ካልቀረበ ቦታው የሌላ ሰው ነው።

የሳይክሉን አጽም፣ እነሱ ቴላዮ የሚሉትን፣ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አስመራ ነበር። ሙያውን ከጣሊያን የለመደ ነው። እሱም በዚያው ነጋዴ "ፍልሰታ ሳይፈታ ልክህ ይድረሰኝ፤ አለበለዚያ ብረቱን ለሌላ እቆርጠዋለሁ" ብሎ ልኳል። ወንድሜ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው፤ ተዝካሩ ሳይወጣ ከቤት ንቅንቅ ማለት አይችልም። ስለዚህ ልኩ በገመድ ተይዞ፣ ገመዱን እኔ እንዳደርስ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣ። በእኛ ቤት ቁመቱ በገመድ የሚለካ ሬሳ ነው። ቆፋሪዎቹ የሟቹን ልክ ይዘው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። በቁሙ የሚሄድ ሰው ከተለካ መሬት ስሙን ትሰማለች ትል ነበር እናቴ። አባታችንን ሲለኩት ያየነው ገና ዓመት አልሞላውም።

"ልብስ ሰፊው ይለካኝ የለም ወይ፣ እማ?" አላት ወንድሜ።

"ልብስ ሰፊ ደረትህን ነው የሚለካው። ይኼ ሰውዬ እግርህን ምን ሊያደርገው ፈለገው?"

"እግሬ ነዋ የሚነዳው! በምላሴ አልነዳው።"

"ምላስህንማ ማን ይለካዋል፤ ገመድ አይበቃውም።"

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ገመድ እንዲነካው አልፈቀደችም። ክረምቱ ጣራውን ይደበድባል፣ ወንድሜ እየወጣ የወንዙን ሙላት ያያል፣ እናቴ ጥጧን ትፈትላለች። ስትናደድ በእናት ቋንቋዋ በኽምጣና ነበር የምታጉረመርመው። ፍልሰታ ገብቶ ሲጋመስ ወንድሜ መብላት ተወ። አንድ ጠዋት ድንገት ብድግ አለችና "እሺ፤ ግን የሌላ እጅ አይነካህም፤ እኔው ነኝ የምለካህ" አለችው።

በራሷ ፈትል ለካችው። ከተረከዝ እስከ ጭን ሥር አንድ ቋጠሮ፣ ከወገብ እስከ ትከሻ አንድ፣ ክንዱን አንድ። ሲመሽ በጨርቅ ጠቅልላ አንገቴ ላይ አሰረችልኝና "እስክትደርስ እንዳትፈታው" አለችኝ።

እስከ ኮረም በጭቃ በእግሬ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድኩ። አስመራ ስገባ የቀረው አንድ ቀን ነበር። የሽማግሌው ቤት ጨለማ ነው፤ ከጣራው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የብረት ቱቦዎች ላይ ይንሸራተታል። ሁለት አወረደና በቁልፍ መታ መታ አደረጋቸው። ወፍራሙ ደንቆሮ ድምፅ አወጣ፤ ቀጭኑ እንደ ቃጭል ጮኸ።

"የቱን አለ ወንድምህ?"

"ቀጭኑን።"

"ያውቃል፤ እሱ ነው ሯጩ።" ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በስንዝር ተከተለው። ፊቱ ተለወጠ። "ስማ ወደይ፣ ስማ ልጄ፣ ይኼ የአጭር ሰው እግር ነው። ብረት እንደ ጨርቅ ተርፎ አይታጠፍም፣ ጎድሎም አይሳብም። አንዴ ከቆረጥኩ ቆረጥኩ።"

ገመዱን ተቀብዬ ጫፉን በተረከዜ ረገጥኩት። ቋጠሮው ከእኔ ጭን ሥር እንኳ ብዙ ዝቅ አለ። ወንድሜ ደግሞ ከእኔ ይረዝማል። ቤታችን ውስጥ እንዲህ አጭር ሰው አንድ ብቻ ናት።

እናቴ ናት። ወንድሜን የለካችበትን ቋጠሮ ፈትታ ራሷን ለክታ ነው የላከችኝ። መሬት የሚሰማው ስም ካለ የእሷ ይሁን ብላ ነው።

ሽማግሌው መጋዙን ይዞ ይጠብቀኛል። "ልቁረጥ ወይስ አልቁረጥ?" አለኝ። ዝም ብል ወንድሜ የማይገባበት ሳይክል ተሠርቶ ቦታው ይሄዳል። ሰቆጣ ተመልሼ ሌላ ልክ ላምጣ ብል ፍልሰታ ይፈታል፤ ደግሞስ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

"እኔን ለካኝ" አልኩት። "ወንድሜ እግሩም ክንዱም በዚህ ያህል ይበልጠኛል" ብዬ ሦስት ጣቴን አሳየሁት።

አጠገቤ ተንበረከከና የራሱን ክር ከተረከዜ ወደ ላይ ሳበው። ቀዝቃዛ ነበር። አባቴ ተጋድሞ ሲለካ ታየኝ።

"ምነው ተንቀጠቀጥክ?" አለና ሳቀ። "ልገንዝህ መሰለህ እንዴ?"

ጥርሴን ነክሼ ቆምኩለት።

ቤት ስመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና ብላ ሰላም እንኳ ሳትለኝ "በገመዱ ሠራው?" አለችኝ።

"በገመዱ ሠራው።"

እፎይ ብላ ወደ ገብሷ ተመለሰች። ይህንን ውሸት የሚለኝ ካለ ይበል፤ እኔ አልለውም።

ተዝካሩ እንደወጣ ወንድሜ ሄደ። ከመስቀል በኋላ ነጋዴው መጣና "ሳይክሉ እንደ ጫማ ልክ ሆነልኝ፣ ሥራውም ጸና ብሏል" አለን። እናቴ ደንግጣ አማተበች። "እንዴት ልክ ይሆነዋል?" አለች ለራሷ። ቆየት ብላ "እመቤቴ ናት ያስረዘመችለት" አለች። ይኸው፤ በዚህ አለቀ። አልነገርኳትም።

ለአንዳንድ በዓል ወንድሜ እየመጣ ይጠይቀን ነበር። በኋላ ዘመኑ ተበላሸ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የወንድሜም ወሬ ጠፋ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ልቅሶ ተቀመጪ፣ እርምሽን አውጪ" አላት። ከበር መለሰቻቸው። "እሱ አልተለካም፤ የተለካሁ እኔ ነኝ" አለቻቸው። ሰው አእምሮዋ የተነካ መሰለው። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አርጅታ በአልጋዋ ላይ እስክታርፍ ድረስ ለእሱ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም።

ዛሬም ዘመዶቼ አይተዉኝም፤ "እባክዎ ለወንድምዎ ይቀመጡለት፣ ነፍሱ እንድታርፍ" ይሉኛል። እንደማይመለስ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እናቴ ያላለቀሰችለትን ሰው እኔ ቀድሜያት አላለቅስም።