የባኞ ቤቱ ቄጠማ

ሳሙና የነካው እርጥብ ቄጠማ ሽታ ዛሬም ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ድንገት ይመጣብኛል፣ መጥቶም ወደ ልጅነቴ ቤት ይዞኝ ይሄዳል። ወዴት እንደሚወስደኝ ከመናገሬ በፊት ግን የሚናገረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ። እኔ የሰበታው ቧንቧ ሠሪ ኦቦ ገመቹ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ቧንቧ መቀጠልንም ያስተማረኝ ሰው የለም፣ እያበላሸሁ እየሠራሁ ራሴን አስተማርኩ እንጂ። ከተጂ እስከ ቡራዩ የተቀበረ ቧንቧ ፈንድቶ ቦታው ሲጠፋ «ገመቹን ጥሩት» ይባል ነበር፣ እኔም ሄጄ፣ ጆሮዬን መሬት ላይ ደፍቼ፣ «እዚህ ቆፍሩ» እል ነበር። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ የሠራሁትን ነው የምናገረው።

የውሃ ፍቅሬ የጀመረው በአባቴ ባኞ ነው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ ፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ነበር፣ ፈረንጁም ወደ አገሩ ሲመለስ ጠርዙ የተሸራረፈ ትልቅ የብረት ባኞ ትቶለት ሄደ። አባቴ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ባኞውን በሳንቃ ላይ አስጭኖ፣ እየጎተተና እያስጎተተ ወደ ቤታችን አመጣው። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «ለከብት ገንዳ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር፤ አባቴ ደግሞ አንገቱን ቀና አድርጎ «ለሰው ነው» ይል ነበር። ከቤታችን ጀርባ ትንሽ የጭቃ ክፍል ተሠራችለት፣ ቆርቆሮ ተመታባት፣ ባኞ ቤት ተባለች። ቧንቧ ግን አልነበራትም። ውሃው ከምንጭ በእንስራ እየተቀዳ በበርሜል ይሞቅ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ አባቴ፣ ቀጥሎ እኛ ልጆች፣ በመጨረሻ እናቴ ትታጠብ ነበር።

እናቴ አደ ጫልቱ ባኞ ቤቷን አይታ ባዶነቷን አልወደደችውም። ከባኞው እግር ስር ውሃ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ቆፍራ ቄጠማ ተከለች። በተሰበረ እንስራ ውስጥ አፈር ሞልታ ኮባ አቆመች፣ በባዶ የዘይት ጣሳ ሐረግ አጽድቃ በሽቦ ወደ ጣሪያው አወጣችው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ጫካ ጥላ ስር የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀውን ተክል ደረደረች። አባቴ ይህን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

«ቢሻኑ ለሰው አልበቃ ብሎ ለቅጠል!» አላት፤ ውሃውን ማለቱ ነው።

«ቅጠሉ አንተ ታጥበህ የደፋኸውን ነው የሚጠጣው፣ ቀናህበት?» አለችው።

ክረምት ሲመጣ ያቺ ክፍል ሌላ አገር ትሆን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከባኞው የሚነሣው እንፋሎት ቅጠሎቹ ላይ እየተጠራቀመ ጠብ ጠብ ሲል፣ እኔ እስከ አንገቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቼ ከበላዬ የተንጠለጠለውን ሐረግ እያየሁ «ውጣ» እስክባል እተኛ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ሁሉ ለምለም ስለሚሆን የእኛን ቄጠማ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። በጋው ገፍቶ ጥር ሲደርስ ግን ሜዳው ነጥቶ፣ ሣሩ ከእግር ስር እየተሰባበረ፣ በመንደሩ እርጥብ ነገር የሚገኘው በእናቴ ባኞ ቤት ብቻ ነበር።

በአንዱ ጥር ነው ጉድ ያየሁት። የኦቦ ቶሎሳ በሬ ገመድ በጥሶ ገብቶ የኦቦ ደበላን የጤፍ ክምር ሲያፈርሰው አደረ። ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ ባኞውን አብረው የጎተቱ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ከቤታችን ፊት ለፊት ተገናኝተው መጀመሪያ ተሰዳደቡ፣ ቀጥሎ ዱላ ተማዘዙ። ኦቦ ደበላ አንድ ጊዜ ሰንዝሮ የቶሎሳን ትከሻ ሲመታው ድምፁን ሰማሁት፣ ቶሎሳም ከወደቀበት ሲነሣ በእጁ ዱላ ሳይሆን መጥረቢያ ነበር። ሴቶች ጮኹ፤ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴን ስፈልጋት ወደ ጓሮ ስትሮጥ አየኋትና የምትሸሽ መሰለኝ።

ከባኞ ቤት ስትወጣ በሁለት እጇ የታቀፈችው ቄጠማ ውሃው እየተንጠፈጠፈ ነበር። የዋዜማው ዕለት ቅዳሜ ስለነበር የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቀውም። እናቴ ሄዳ በመጥረቢያውና በዱላው መካከል ቆመች፣ ቄጠማውን ከፍ አድርጋ «አራራ» አለች፤ እርቅ ማለቷ ነው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የመታት እስኪመስለኝ ድረስ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም መጥረቢያው ከአናቷ በላይ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ግን ቄጠማውን ሲያይ ክንዱ ዛለ፣ መጥረቢያውን መሬት ላይ ጣለው። ኦቦ ደበላም ዱላውን ለቀቀ። እርጥብ የያዘ ሰው እያለ ደም አይፈስም፤ ይህን ሁለቱም ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበርና መጥረቢያ የያዘ ሰው በቅጠል ሲሸነፍ አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከእርቁ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ የተሰጠውን አንድ ዘለላ አሽትቶ «ሳሙና የሚሸት እርቅ ዛሬ ገና አየሁ!» አለ፣ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎችም ተደጋግፈው ሳቁ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጠሎቹን ውሃ እንዲያጠጣ የሚጠይቀው ሰው አላስፈለገውም።

እናቴ ስታርፍ ባኞ ቤቷ ፈርሳ ነበር፣ የቄጠማው ሥር ግን አልሞተም። እኔ በዚያው ቦታ ላይ ቤት ስሠራ ሥሩን ነቅዬ በሳፋ አቆየሁት፣ ከዚያም በሰበታ አቻ የሌለው ባኞ ቤት ሠራሁ። ነጭ ሴራሚክ ለጠፍኩ፣ ሻወር አቆምኩ፣ ቄጠማውን የሻወሩ ፍሳሽ በሚያልፍበት ጥግ ተከልኩ፣ እንደ እናቴም ኮባ መስኮት ስር፣ ሐረግ ከመስታወቱ በላይ አደረግሁ። ሰዎች ጽጌረዳ ባኞ ቤት ውስጥ አስገብተው ያሰቃያሉ፤ ባኞ ቤት የሚገባው እንፋሎት የሚወድ ቅጠል ነው። ልጄ ቶለሺ ግን ትስቅብኝ ነበር።

«አባዬ፣ እንግዳ ባኞ ቤት ወዴት ነው ሲለኝ፣ ጫካውን እንዳለፍክ ነው የምለው» ትል ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ጊዜ መጣ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሣ ነው ተባለ፣ ወጣቱም ወጣ። ሚኒባስ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይነድ ጀመር። በዚያው በጋ አንድ ጠዋት ከገበሬ በተወሰደ መሬት ላይ የቆመ የአንድ ፋብሪካ የውሃ ቦቴ ፓምፑን እንድጠግንለት ግቢዬ ገብቶ ቆሞ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚጠግነው ስላልነበረ ነው። ሾፌሩ ሰይድ የሚባል ከወሎ የመጣ ወጣት ነበር። የፋብሪካው መኪና እኔ ዘንድ መኖሩ ተሰምቶ ኖሮ፣ ፓምፑን ፈትቼ ሳልጨርስ በሩ ተደበደበ።

«ኦቦ ገመቹ! ቦቴውን አውጡ! ሾፌሩንም አውጡ!»

ሰይድ ሮጦ ባኞ ቤት ገባ። ከውጪ የተወረወረ ድንጋይ የባኞ ቤቱን መስኮት ሰበረው። ተከትዬው ስገባ ሰይድ ከኮባው ጀርባ ተጣብቆ ነበር፣ ፀጉሩ ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ነበረበት።

«አባቴ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ይንገሩልኝ!» አለኝ።

ምን ብዬ ልንገር? ዓይኔ መሬት ሲወርድ ቄጠማውን አየሁት። ውጪ በጋ ነው፣ አንድ እርጥብ ሣር የለም። በሁለት እጄ ነቅዬ፣ ውሃው ሸሚዜን እያራሰው፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ምን ሊጎዘጉዙልን ነው? በዓል ነው እንዴ?» አለ አንዱ፣ ከፊት ያሉትም ሳቁ። ይህ ከድንጋዩ ይልቅ አስደነገጠኝ።

«እርጥብ ነው የያዝኩት» አልኩ። «እርጥብ በተያዘበት ግቢ ደም አይፈስም። እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?»

ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ልጅ ወደ ፊት መጣ። «ለሜሳ እባላለሁ፣ የቶሎሳ የልጅ ልጅ ነኝ» አለ። ከእጄ አንድ ዘለላ መዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «አያቴ ሳሙና የሚሸት እርቅ ነበር ይል ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር።» ዞር ብሎ ጓደኞቹን «ሰውየው ይሂድ» አላቸው። «መኪናው ግን ይቀራል።»

ሰይድ ቄጠማ በእጁ ይዞ በመካከላቸው አለፈ፣ ማንም አልነካውም። ቦቴውን ግን ገፍተው አስፋልት ላይ አወጡና አቃጠሉት።

በማግስቱ የመንግሥት ታጣቂዎች መጥተው ለሜሳን ከቤቱ ወሰዱት። ለሰይድ የሠራ ለእሱም ይሠራል ብዬ ቄጠማ ነቅዬ ወደታሰረበት ቦታ ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ወጣት ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ በክፋት ሳይሆን በቅንነት፣ «አባት፣ ይሄ ለከብት ነው?» አለኝ። ቄጠማው እጄ ላይ እስኪጠወልግ ድረስ ቆምኩ፣ ከዚያ ተመለስኩ።

ለሜሳ የተፈታው ክረምት ገብቶ ነው። ከእናቱ ቤት ቀጥሎ የመጣው እኔ ዘንድ ነበር፣ በጣም ከስቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ኦቦ፣ ሙቅ ውሃ አለ?» አለኝ። ባኞ ቤቱን አሳየሁት። ብዙ ቆየ፣ እኔም «ውጣ» አላልኩትም።

ያኔ እናቴ ቄጠማውን ከፍ ስታደርግ የተናገረችው አንድ ቃል ነበር፣ ሁለቱም ሰዎች ቀሪውን ያውቁት ነበር። እኔ ብዙ ተናገርኩ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የገባው ግን አንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ገመቹ ምን ሠራ ለሚል ይኸው፤ ከተጂ እስከ ቡራዩ ሰው የሚጠጣው ውሃ በእጄ አልፏል። ልጄን አስተምሬያለሁ። የሰው ልጅ፣ ሾፌሩን ሰይድን፣ ከደጄ በሕይወት ሸኝቻለሁ። የተሰበረውን መስኮት ራሴ ቀይሬያለሁ። ለሜሳንም ቧንቧ መቀጠል አስተምሬዋለሁ፣ ባለፈው ክረምት ቤት ሲሠራ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የቄጠማ ሥር ጠይቆኝ፣ ከእናቴ ቄጠማ ከፍዬ ሰጥቼዋለሁ።