ፀዳል ለቦኖ የነፋችው ጡሩምባ

የፀዳል አንድ ተራ ቀን አምስት ጀሪካን ውሃ ያስወጣታል። አንዱ ጠዋት ጠዋት ለምትሸጠው ፉል ነው፤ ባቄላው ተዘፍዝፎ ለሚያድርበት፣ ለሚቀቀልበትና ድስቱ ለሚታጠብበት። ሁለቱ በክፍያ ለምታጥበው የሾፌሮች ልብስ ይሄዳሉ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ ሲነዳ የከረመ ሰው ሸሚዝ በአንድ ውሃ አይለቅም። አራተኛው ለመጠጥና ለገላ ነው። አምስተኛውን "የእንግዳ" ትለዋለች፤ እንግዳ ባይመጣም ግን ተርፎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ከአህያ ጋሪ ትገዛ ነበር። ጋሪው በቀረ ቀን ደግሞ ዳገቱን ወጥታ ከላይኛው ሰፈር ቦኖ በጀርባዋ ታወርድ ነበር። ሲወጡ ማንም ይወጣዋል፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ የውሃን ዋጋ የሚያውቅ የሚወርድ ሰው ነው ትላለች።

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ ሃያብለ ነው፣ ከጎሚስታው ጀርባ ባለው ታችኛው ሰፈር። አብዛኞቻችን የከባድ መኪና ሾፌር ሚስቶች ነን። ባሎቻችን ወደብና መጋዘን የሚሠሩም አለን፤ ከድሬዳዋና ከሐረር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ቤተሰቦችም አብረውን አሉ። የሰፈሩ ምክር ቤት፣ ኮሚን የምንለው፣ ማስታወቂያውን በሰሌዳ ላይ የሚለጥፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ሠራተኞቹ በአፍ የሚነግሩትም በሶማሊኛ ነው። እኛ መሃል ሁለቱንም አጣርታ የምታውቅ ፀዳል ብቻ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አባቷ የምድር ባቡር ሰው ስለነበሩ ፈረንሳይኛውን ከቤት ይዛው መጣች፤ ሶማሊኛውን እዚሁ ገበያ ለመደችው።

ስለዚህ የፉሉ ድስት ሲራቆት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ኮሚን ትሄዳለች። ሰሌዳውን ታነባለች፣ ያልገባትን ትጠይቃለች፣ ከዚያ በየደጃችን እየቆመች ትነግረናለች፤ የክትባት ቀን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የልደት ወረቀት፣ የቆሻሻ መኪና። ልጄ ክትባቱን ሳያጓድል የወሰደው በእሷ አፍ ነው። ሰፈሩ "ራዲዮናችን" ይላታል። ዛሬ ራዲዮው ምን አለ ሲሏት፣ ራዲዮም ባትሪ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ሻይ ቅዱልኝ ትላለች።

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ ሳይብስ፣ የሁላችንንም ልብ ያንጠለጠለ ዜና ይዛ መጣች። ለሃያብለ አዲስ ቦኖ ሊተከል ነው። ቦታው ግን አልተወሰነም፤ ወይ ላይኛው ሰፈር መስጊዱ አጠገብ፣ ወይ እኛ ዘንድ ጎሚስታው ጋ። ነዋሪው ሐሙስ ጠዋት ኳስ ሜዳው ላይ ይሰበሰብና ብዙ እጅ የወጣለት ቦታ ያሸንፋል። ላይኞቹ አንድ ቦኖ አላቸው፤ እኛ የለንም። ግን ስብሰባ ሲባል እነሱ ይመጣሉ፣ እኛ እንቀራለን። ፀዳል ይህን ስለምታውቅ ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ስትለፈልፍ ሰነበተች፤ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ። በመጨረሻ ድምጿ ተዘጋ። ጭራሽ ጠፋ፤ ጆሮ ካልደቀኑላት የማይሰማ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄን አዝዬ ፉል ልገዛ ቤቷ በር ላይ ቆሜያለሁ። ባሺር የሚባለው የኮሚኑ ሠራተኛ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ቆመና በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ። ፀዳል ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ፤ ቧንቧ የሚዘረጉት ሰዎች ቀድመው ስለመጡ ስብሰባው ዛሬ ሆኗል፣ አሁን፤ ላይኞቹ ሜዳው ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል።

ሁለታችንም ሮጥን። የመጀመሪያው ቤት አልከፈተልንም። ሁለተኛው ቤት ስርጉት ናት፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነ ጎረቤታችን። ፀዳል በሹክሹክታ፣ እኔ በጩኸት ነገርናት። ስርጉት ዓይኗን እያሸች፣ ሐሙስ ሐሙስ እያልሽ ጆሮዬን አደንቁረሽ አሁን ደግሞ ማክሰኞ ትያለሽ፣ ራዲዮሽን አስጠግኚ ብላ በሩን ዘጋችው። እንዲህ ቤት ለቤት ከሄድን ስብሰባው አልቆ ሰዉ ይበተናል።

ፀዳል ድንገት እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ዋለልኝ ቤት ጎተተችኝ። ጋሽ ዋለልኝ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ያን ቀን ነፃ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን ሥራ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ፀዳልን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ማን ሞተ?"

ፀዳል ራሷን ነቀነቀች፤ የሞተ የለም። በጆሯቸው ስትነግራቸው እትዬ ገበያነሽ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጡሩምባውን ከምስማሩ አወረዱና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት። "ዋለልኝ ሲመጣ እኔ ተኝቼ ነበር እለዋለሁ" አሉ።

እኔ ሰው አይደነግጥም ወይ ብያታለሁ። ይውጡልኝ እንጂ ከወጡ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለችኝ፤ በዚያ በጠፋ ድምጿ። በምን እንደምትነግራቸው እሷም አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩት።

ነፋችው። የእድር ጡሩምባ ሲሰማ የሾፌር ሚስት መጀመሪያ የምታስበው መንገዱን ነው። እኔ ነገሩ የቦኖ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ባለቤቴ በዚያ ሰዓት የድንበሩን ኬላ ጋላፊን አልፎ ይሆን ብዬ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። የሰፈሩ በር ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ታክሲ ሊይዙ የነበሩ ወንዶች ተመለሱ። ስርጉት፣ ያችው በሯን የዘጋችብን፣ ገና ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች። የሐረሯ ዓዚዛ ሱቋን ቆልፋ እየሮጠች መጣች። ማነው፣ የማን ቤት ነው ይላል ሁሉም። ፀዳል አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። የኔን ድምፅ ደግሞ ለቅሶው ዋጠው፤ ልጄም ጀርባዬ ላይ ሆኖ አብሮ ያለቅሳል። ሲጨንቃት በእጇ ወደ ሜዳው አመለከተች። ሰዉም አስከሬኑ እዚያ ነው ማለት ነው ብሎ ተነቃነቀ። ታችኛው ሰፈር እንዳለ፣ አሮጊት ሽማግሌ ሳይቀር፣ እያለቀሰ ወደ ኳስ ሜዳው ተመመ።

ሜዳው ላይ ላይኞቹ ተሰብስበው፣ ባሺርና የኮሚኑ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ያን ሁሉ ሙሾ ሲያዩ ባሺር ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ፤ ላይኞቹም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ባሺር ወደ ዓዚዛ ቀረብ ብሎ በሶማሊኛ ማን እንደሞተ ጠየቃት። እሷም አታውቅም። ፀዳል ያኔ የዓዚዛን ትከሻ ይዛ በጆሮዋ ተናገረች። ዓዚዛ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ አንድ ወንበር ላይ ወጥታ፣

"የሞተ ሰው የለም። ቦኖ ነው" አለች። "የቦኖው ስብሰባ ዛሬ ሆኗል።"

ለቅሶው ባንዴ አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም ነበርና ከፊት ዝም ሲባል እነሱ ቀጠሉ። ስርጉት ነጠላዋን አቃናች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ፀዳልን ከላይ እስከታች አየቻት።

"አንቺ ሴት፣ ያን ሁሉ እንባ ለቧንቧ ነው ያፈሰስኩት?"

ፀዳል አንገቷን ደፋች። አንድ ሽማግሌ፣ እንግዲህ ለቅሶ ከወጣን አይቀር እጃችንንም እናውጣ አሉ። መጀመሪያ የሳቀው ባሺር ነው። ዓዚዛ ነገሩን በሶማሊኛ ስታስረዳ ላይኞቹም ለዱዓ የዘረጉትን እጃቸውን እያዩ ሳቁ። ከዚያ እጅ ተቆጠረ። ታችኛው ሰፈር እንደዚያ ቀን ሞልቶ ወጥቶ አያውቅም፤ ለመቁጠርም አላስቸገረ። ከላይኞቹ አንዲት እናት፣ ለቧንቧ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ውሃ ቢሰጠው አይበዛበትም ብላ እጇን ለእኛ አወጣች። ቦኖው ጎሚስታው ጋ እንዲተከል ተወሰነ።

ማታ ግን እድሩ ተሰብስቦ ፀዳልን አቆማት። ጋሽ ዋለልኝ ፊታቸውን አጥቁረው ነበር። እኚህ ሰው ጡሩምባውን ሲነፉ ከንፈራቸው እንደሚንቀጠቀጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። "ነገ የእውነት ብነፋ ቦኖ ነው ብሎ የሚተኛ ሰው ይኖራል" አሏት። ፀዳል ልክ ናቸው አለች። ያን ሳምንት ባሎቻቸው መንገድ ላይ የነበሩ ሴቶች ቤት እየዞረች አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ቤትም መጣች፤ ነገሩን አብረን ሠርተነው እያለ።

ነገሩን የቋጨው ባለቤቷ ዘሩ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ የለቀስተኛዋ ባል እያለ ቀለደበት። እሱም ከአሮጌ ከባድ መኪና የተፈታ ክላክስ ፈልጎ አመጣና ቤታቸው ጣሪያ ላይ ከባትሪ ጋር አሠረላት። ጋሽ ዋለልኝ ራሳቸው መጥተው ሞከሩት፤ ድምፁ ከጡሩምባ ጋር እንደማይመሳሰል አረጋገጡና ፈቀዱ። አሁን ሁለት ጊዜ አጭር ክላክስ ሲሰማ የኮሚን ወሬ መጣ ማለት ነው። ማንም ነጠላ አያዘቀዝቅም። የመኪናው ድምፅ ለሾፌር ሚስት ደግ ድምፅ ነው፤ ሰው ደረሰ ማለት ነውና።

ቦኖው ሲከፈት የመጀመሪያውን ጀሪካን ማን ይቅዳ ተብሎ ክርክር ነበር። ስርጉት፣ እንባዬን አስቀድሜ ከፍያለሁ ብላ ሁላችንንም ገፍታ ቀዳች። ፀዳል ከንፈሯን ነክሳ ስትስቅ አየኋት። ያን ቀን የሾፌሮቹን ሸሚዝ እዚያው ደጇ ላይ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው፤ የእንግዳውን ጀሪካን ደግሞ ጎሚስታው በር ላይ ለተተከለችው ችግኝ ሰጠቻት።

አሁን ኮሚኑ፣ ይህ የእናንተ አሠራር ጥሩ ነው፣ ከየመንደሩ ወሬ የምታደርስ አንዲት ሴት ስጡን ብሏል። የሌሎቹ መንደሮች ሰው ተገኝቷል። ከቆራሌው ግቢ ጀርባ ያሉት ቤቶች ግን ሰው የላቸውም፤ ክላክሱም እዚያ አይደርስም። ባለፈው ክትባት አምስት ሕፃናት ቀርተውባቸዋል፤ ቀኑን የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ፀዳል ስለ እሷ ብዙ እንዳላወራ ለምናኝ፣ አንድ ነገር ግን እንዳልረሳ አስጠነቀቀችኝ። ቃሏን እንዳለ ላድርሰው፤ "አቦ፣ ከቆራሌው ጀርባ የምትኖር፣ ፈረንሳይኛ ወይ ሶማሊኛ ትንሽም የምታነብ ሴት ካለች ጠዋት ፉሉ ሳያልቅ ቤቴ ትምጣ። የምታውቋትም ካላችሁ ላኩልኝ። የሚቀጥለው ክትባት ከመድረሱ በፊት ሰሌዳው የቱ ጋ እንደሆነ ላሳያት።"